ነርሲንግ ልትጀምሩ ላላችሁ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ነርሲንግ ሊጀምሩ ከተዘጋጁ ልጆችና ከወላጆቻቸው የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ «ምን እንግዛ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከመግዛት በፊት ሒሳብን፣ እጅንና የራስን ጤና ማዘጋጀት ይቀድማል ባይ ነኝ። ዎርድ (በሽተኞች የሚተኙበት የሆስፒታል ክፍል) ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ለዓመታት ስለሠራሁ ምን እንደሚቸግራቸው አይቻለሁ። እስቲ ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ።

«ሲስተር፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ነርሲንግ ደርሶኛል። ትምህርት እስኪጀመር ጥቂት ሳምንታት አሉኝ። አናቶሚን ከአሁኑ ልሸምድደው?»

አትሸምድጂው እህቴ። አናቶሚን፣ ማለትም የሰውነት ክፍሎችን አሠራር፣ ክፍል ውስጥ በደንብ ትማሪዋለሽ። አሁን ጊዜ ካለሽ ሒሳብ ላይ አውይው። አብዛኛው ተማሪ የሚደናገጠው መድኃኒት ስሌት ላይ ነው።

ለሕፃን 180 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ታዘዘ እንበል። እጅሽ ላይ ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው። የታዘዘውን ላለው አካፍይ፣ በ5 አባዢ። 7.5 ሚሊ ሊትር ይመጣልሻል። ሌላም ልጨምርልሽ። 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ታዟል። የምትጠቀሚበት ማንጠባጠቢያ በ20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ጠቅላላው 20,000 ጠብታ ነው፤ 8 ሰዓት ደግሞ 480 ደቂቃ ነው። ስታካፍዪው በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለውን በወረቀትና በእስክሪብቶ፣ ያለ ስልክ፣ በየቀኑ ሥሪ። የነጥብ ቦታ ስትሳሳቺ መድኃኒቱ አሥር እጥፍ ስለሚሆን ነጥብ ላይ ቸኩለሽ አትለፊ።

ከዚያ እጅሽን አለማምጂ። አያትሽን አስፈቅደሽ የልብ ምታቸውን ቁጠሪ። በአውራ ጣታቸው በኩል የእጃቸው አንጓ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ጣትሽን አሳርፊ። የራስሽን አውራ ጣት አትጠቀሚ፤ የራሱ ምት ስላለው ያሳስትሻል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ከ60 እስከ 100 ነው። ቆጥረሽ ስትጨርሺ እጃቸውን አትልቀቂ። ምት የምትቆጥሪ መስለሽ ደረታቸውን እያየሽ ትንፋሻቸውን ቁጠሪ። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይቀየራል። የአዋቂ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። ይህችን ብልሃት ቤት ውስጥ የለመደ ተማሪ ዎርድ ሲገባ ያስታውቃል።

ሰፈርሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለልሽ። ቤት ውስጥ ጫጫታ ካለ እዚያ ሄደሽ ሥሪ።

«ደም ሳይ ራሴን ያዞረኛል። ወንድ ልጅ ሆኜ እንዲህ መሆኔ ያሳፍረኛል። ይቅርብኝ? ከፒያሳ»

አይቅርብህ። ወንድነትም ሴትነትም የለበትም። አንዳንድ ሰው ደም ሲያይ የደም ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፣ ልቡም ቀስ ይላል፤ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ይቀንስና ያዞረዋል። ብዙዎቹ ደጋግመው ሲያዩ ይለምዱታል።

ፊትህ ሲቀዘቅዝ፣ ሲያልብህና ዓይንህ ሲጨልም አትታገል፤ ተቀመጥ። የጭንና የመቀመጫ ጡንቻህን አጥብቀህ ጨምቅ፣ ትንሽ ቆይተህ ፍታው፣ ደግመህ ጨምቅ። ይህ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ቆመህ ስትመለከት ጉልበትህን አትገትር። ለአስተማሪህም ቀድመህ ንገር። ደግ አስተማሪ አጠገብህ ወንበር ያስቀምጥልሃል።

አንድ ነገር በተለይ ልበልህ። በጾም ወራት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ዎርድ ገብተው የሚወድቁ ተማሪዎች አሉ። ጾምህን አከብራለሁ። ግን የሚያዞርህ ከሆነ ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከር። መውደቅህ አንተን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ የያዝከው መርፌ ሊሆን ይችላል፣ የደገፍከው በሽተኛ ሊሆን ይችላል።

«ልጄ መርፌ ይወጋት ይሆን፣ ኤችአይቪ ይይዛት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እናት፣ ከልደታ»

እናቴ፣ ስጋትዎ ከንቱ አይደለም። መፍትሔ ግን አለው።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ኤችአይቪን ነው። ደሙ ውስጥ ቫይረሱ ያለበት ሰው የተወጋበት መርፌ ቢወጋት የመያዝ ዕድሏ ከ1000 ወደ 3 ገደማ ነው። ያልተከተበ ሰው ላይ ሄፓታይተስ ቢ ከዚህ እጅግ በበለጠ ይተላለፋል። ለሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ክትባት አለ። ስለዚህ ዛሬውኑ ይዘዋት ይሂዱ። በልጅነቷ የተከተበችበት ካርድ ካለ ፈልገው ይያዙ። መጀመሪያ የደም ምርመራ ታድርግ፤ ነፃ ከሆነችና ካልተከተበች ሦስት ጊዜ ትወጋለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከአንድ ወር በኋላ ነው፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። አያችሁ፣ ግማሽ ዓመት ይፈጃል። ዎርድ ልትገባ ስትል ቢጀመር አይደርስም።

ዎርድ ውስጥም የተጠቀመችበትን መርፌ መልሳ አትክደን። ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያ ሳጥን) ውስጥ ትጣለው። ሳጥኑ ሞልቶ መርፌው አፉ ላይ ከታየ በእጇ ገፍታ አታስገባ፣ ሌላ ሳጥን ትጠይቅ።

እንዲያም ሆኖ ቢወጋት ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ትታጠብ። አትጭመቀው፣ በረኪናም አታፍስበት። እዚያው ዎርድ ላለው ኃላፊ ወዲያው ትናገር። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚሻለው፤ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ለ28 ቀን ይወሰዳል። ተማሪዎች ቁጣ ፈርተው ይደብቃሉ። እባክዎ ለልጅዎ «ብትወጊ አልቆጣሽም፣ ደውዪልኝ» ብለው ከአሁኑ ይንገሯት።

«የግል ኮሌጅ ልመዘገብ ነው። ሁሉም እውቅና አለን ይላሉ። እንዴት ልለይ?»

እውቅና አለን ስላሉ ብቻ አይበቃም። ፈቃዱ የነርሲንግ መሆኑን፣ አንተ የምትማርበት ካምፓስ የተጻፈበት መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን በዓይንህ እይ። ከዚያ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣራ። ክፍያ ከመፈጸምህ በፊት ነው ታዲያ!

ቀጥለህ ለአታችመንት (ለሆስፒታል የተግባር ልምምድ) የት እንደሚልኩ ጠይቅ። የሆስፒታሉን ስም ካልነገሩህ ተወው። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው የመውጫ ፈተናውን ስንቱ እንዳለፉም ጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው።

«ልጄ ውጤቷ ጥሩ ነው። ሐኪም ትሆናለች ስል ነርስ ነው የምሆነው አለችኝ። እንዴት ላሳምናት? አባት፣ ከስድስት ኪሎ»

ጌታዬ፣ አያሳምኗት። ተገዳ ሐኪም ከምትሆን ወዳ ነርስ ብትሆን ለበሽተኛውም ለእሷም ይሻላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበሽተኛው ትንፋሽ ሲቀየር መጀመሪያ የምታየው ነርሷ ናት። ሐኪሙን የምትጠራውም እሷው ናት።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ተመርቃለች። በ1942 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ22 ዓመቷ ነቀምቴ ላይ ዐረፈች። ጦር ኃይሎች ያለው ሆስፒታል መጀመሪያ የተሠራው በእሷ መታሰቢያነት ነው፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ነበር። ሙያው ዝቅ ያለ ነው የሚል ዘመድ ከመጣ ይህንን ይንገሩት። ደሞዙ ከልፋቱ ጋር አይመጣጠንም ካሉኝ ግን እስማማለሁ። ልጅዎም ይህን አውቃ ትግባ።

«ከካዛንቺስ ተነሥተን ገላን ጉራ ገብተናል። ኮሌጄ ሜክሲኮ ነው። ዕድሜዬ 36፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እችለዋለሁ?»

ትችዪዋለሽ። እናት የሆነች ተማሪ በሽተኛ ስታጥብ አትፀየፍም፣ የተናደደ አስታማሚም አያስደነግጣትም። የሚከብድሽ መንገዱ ነው። ትምህርት ሳይጀመር በሥራ ቀን፣ በጠዋቱ ሰዓት ሄደሽ ሞክሪው። ጠዋት በሽተኛ ርክክብ ላይ ያልደረሰ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ግራ ይገባዋል። ባለቤትሽን ደግሞ ዛሬ አስቀምጠሽ አነጋግሪው። ልጆቹን ማን ቁርስ ያበላል፣ ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ የፈተና ሰሞንስ? «ያኔ እናያለን» ካለሽ አትቀበዪው።

«ምን ልግዛ? ጥፍሬንስ ማስረዘም እችላለሁ?»

ሁለት ጋወን፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱን እንድትለብሺ። ዝቅ ያለ ዝግ ጫማ። የሰከንድ ዘንግ ያለው ሰዓት። ኪስ የሚገባ ደብተር። ስቴቶስኮፑን (የልብና የትንፋሽ ማዳመጫውን) ትምህርት ቤቱ ምን ዓይነት እንደሚፈልግ ሳይነግርሽ አትግዢ። ጥፍርሽን ግን ቁረጪው፤ አርቴፊሻሉም ቀለሙም ይቅር፤ ሥሩ ጀርም ይደበቅበታል።

«ጋወን ለብሼ ዎርድ ውስጥ ቲክቶክ ብሠራ ችግር አለው?»

አዎ፣ አለው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ከኋላሽ ባይታይ እንኳ ድምፁ ይገባል፣ ካርዱ ይታያል። እሱ ሊታከም ነው የመጣው። ቤትሽ በር ላይ ከእናትሽ ጋር የፈለግሽውን ያህል ፎቶ ተነሺ። አዲሱን ጋወን ለብሰሽ ማለቴ ነው፤ ከዎርድ የመጣውንማ እዚያው አውልቀሽ ፌስታል ውስጥ ክተቺ፣ ታክሲም ውስጥ ለብሰሽው አትግቢ።