የኪዊ ፍሬ ለምታመርቱ ወጣቶች፦ መርጫውን ከማንሳታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በእፅዋት በሽታ ሙያ አሳልፌያለሁ። ስለ ኪዊ ሐረግ የባክቴሪያ በሽታ ስናወራ ከጀማሪዎች የምሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን እንርጭ?» የሚል ነው። መጨረሻ ላይ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ቀድሞ ይመጣል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ተራውን ለማስተካከል ነው።

በሽታው በአጭሩ ፒኤስኤ ይባላል። የባክቴሪያው ሙሉ ስም ሱዶሞናስ ሲሪንጌ ፓቶቫር አክቲኒዲዬ ነው፤ አንዴ አንብባችሁ ብትረሱት አልቀየማችሁም። ሰውንም እንስሳንም አይነካም፣ ፍሬውን መብላትም አያሰጋም። ሐረጉን ግን ይገድላል። በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ ነው። ጣሊያን ውስጥ በ1992 ታይቶ ለዓመታት ብዙም ሳያስቸግር ቆየ። በ2008 በላቲና አካባቢ የተነሳው ግን ሌላ ጉልበት ነበረው። ቢጫ ሥጋ ያላቸውን ዝርያዎች ክፉኛ መታ። በኖቬምበር 2010 ደግሞ ኒውዚላንድ ውስጥ ቴ ፑኬ ላይ ተገኘ። ሆርት 16ኤ የሚባለው ወርቃማ ኪዊ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእርሻዎቹ ጠፋ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ባክቴሪያው ጠባይ እንምጣ፤ ሥራችሁ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ይህ ተህዋስ ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመቸዋል፤ ከ25 ሲያልፍ ይዳከማል። በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል። በአበባው፣ ቅጠል ረግፎ በተወው ጠባሳ፣ ውርጭና በረዶ በላጡት ቅርፊት፣ በመቀስ በቆረጣችሁት ቦታም ይገባል። ከገባ በኋላ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ሙቀቱ ሲመጣ አዲስ ቅጠል ይወጣል፣ ገበሬውም «ተገላገልኩ» ብሎ ያርፋል። ባክቴሪያው ግን ግንዱ ውስጥ አድፍጦ የሚቀጥለውን ቅዝቃዜ ይጠብቃል። የብዙ ሰው እርሻ የሚጠፋው በዚህ የእፎይታ ወር ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ማየት ልመዱ። የቅዝቃዜው ወቅት አልቆ ቡቃያ ሲጀምር ግንዱን እየዞራችሁ ፈትሹ። ከቅርፊቱ ነጣ ያለ ወይም እንደ ዝገት የቀላ ፈሳሽ ሲወርድ ካያችሁ ጠርጥሩ። ቅጠል ላይ ጥጋጥጉ የሾለ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፣ አንዳንዴም ዙሪያው ቢጫ ነው። እምቡጡ ሳይከፈት ይጠቁራል፣ ቀንበጡ ጫፉ ላይ ይጠወልጋል። ነጠብጣብ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ሌሎች ባክቴሪያዎችም ውርጭም ተመሳሳይ መልክ ያመጣሉ። ናሙና ወስዳችሁ ባክቴሪያውን በዘረመሉ በሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ፣ በፒሲአር፣ አስመርምሩ። ወንዶቹን ሐረጎች ደግሞ እንዳትዘሉ! ፍሬ ስለማይሰጡ ማንም አያያቸውም። ነገር ግን እነሱም ይታመማሉ። የአበባ ዱቄታቸው ባክቴሪያውን ሊሸከም ስለሚችል ከታመመ እርሻ የተሰበሰበ ዱቄት ለማዳቀል አትግዙ።

መቀስ ከመርጫ ይበልጣል ስል ወጣቶች ይስቁብኛል። ይሳቁ። በደረቅ ቀን ግረዙ። ዝናብ ካለ ወይም ጤዛው ካልደረቀ ሥራው ይቆይ። ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው ስትሄዱ መቀሱን በፀረ ተህዋስ መድኃኒት አጽዱ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አጽዱ። የታመመውን ክፍል ስትቆርጡ ምልክቱ ካለበት ዝቅ ብላችሁ ጤነኛው እንጨት ላይ ቁረጡ። የቆረጣችሁትን በረድፎቹ መሃል እየጎተታችሁ አትለፉ።

ያን ጊዜ ስለ ርጭት እናውራ። መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች ጥሩ ናቸው፣ ግን ላይ ላዩን ነው የሚሠሩት። የገባውን ባክቴሪያ ተከትለው ግንድ ውስጥ አይገቡም። ከዝናቡ በፊት መረጨት አለባቸው፣ ከርጭቱ በኋላ ያደገው ቀንበጥም ራቁቱን ነው። ሲበዙ ደግሞ ለጋውን ቅጠል ያቃጥላሉ። ኒውዚላንድ ውስጥ መዳብን የሚቋቋም ፒኤስኤ ተገኝቷል። ስትሬፕቶማይሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፣ የአንዳንድ አገር ሕግ ደግሞ ጨርሶ አይፈቅደውም። የሐረጉን የራሱን መከላከያ የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶችም አሉ፤ አሲቤንዞላር አንዱ ነው። በአንድ መድኃኒት ብቻ የተማመነ ሰው ባክቴሪያውን እያሠለጠነው ነው።

ከሁሉም በላይ ኒውዚላንድን ያተረፋት ዝርያ መቀየሩ ነው። ገበሬዎቹ ሆርት 16ኤን ቆርጠው በነባሩ ግንድ ላይ ጎልድ 3 የሚባለውን ዝርያ ቀንበጥ ቀጠሉ። ሥሩ የቆየና ጠንካራ ስለነበር አዲስ ችግኝ ከመትከል ቶሎ ወደ ምርት ተመለሱ። ጎልድ 3 በሽታው አይዘውም ማለት ግን አይደለም። ይዞት ይችለዋል፣ ያ ነው ልዩነቱ። አረንጓዴው ሄይዋርድም ከድሮው ወርቃማ የተሻለ ይችላል። የኪዊ እርሻ የምትጀምሩ ከሆነ ገንዘባችሁን መጀመሪያ በዝርያውና ከበሽታ ነፃ መሆኑ በተረጋገጠ ችግኝ ላይ አውሉ። የሚያምር መርጫ በኋላ ይደርሳል።

አንድ ነገር ቀረ፣ እሱም ከሳይንሱ ይከብዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እርሻው ታመመ መባልን ፈርቶ ዝም የሚል ባለቤት ብዙ ነው። ዝናብና ነፋስ አጥር አያውቁም። የጋራ ማሽን፣ የሠራተኛ ጫማ፣ የፍሬ ሣጥንም ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይዞራል። ገበሬ የምታማክሩ ከሆናችሁም፣ ቢቆጣም እንኳ ለጎረቤቱና ለሚመለከተው የእፅዋት ጤና መሥሪያ ቤት እንዲናገር ገፋፉት። ምልክቱን ባያችሁበት ቀን ይደወል፤ ዝናብ ተተንብዮ ከሆነ ደግሞ ጠዋቱን ሳያልፍ።