በነጻ የሰጠሁትን ሌላ ሰው ቢሸጠውስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ መዋዕለ ሕጻናት አስተምራለሁ። ማታ ልጆቼ ሲተኙ ቀለም የሚቀባ የፊደል ሥዕል እሠራለሁ፤ «በ» ላይ በግ፣ «ዶ» ላይ ዶሮ፣ እንዲህ እያልኩ። ፊደሉን አቢሲኒካ በሚባለው ነጻ ፎንት እጽፋለሁ፣ ሥዕሉን በእጄ ስዬ በስልኬ አነሳዋለሁ። ከዚያ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ በነጻ እለቀዋለሁ። ወላጆች የልጆቻቸውን ፎቶ ይልኩልኛል፣ አንድ ትምህርት ቤትም ደውሎ የራሱን ሎጎ አስገብቼ እንድሠራለት ጠይቆኛል። ሰሞኑን ግን ሰፈራችን ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ስገባ የራሴ ሥራ ተጠርዞ ሲሸጥ አየሁ። ስሜ ያለበት ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት ነው የተባዛው፤ የወረቀቱ ጠርዝ ራሱ ኮፒው ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። ዝም ብዬ ወጣሁ። ወንድሜ «ድሮም ነግሬሻለሁ፣ የነጻ ነገር ማን ያከብራል? ቻናሉን ዝጊና ሽጪ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?
ሠዓሊዋ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ከነጩ ወረቀት ልጀምር፤ እኔንም ያናደደኝ እሱ ነው። ሰውየው ወረቀትና ቀለም ገዝቷል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ መብራት ሲሄድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ለዚያ ቢያስከፍል ብዙም አልፈርድበትም። ፕሪንተር ቤቱ ያለው ስንት ሰው ነው? ስልክ ውስጥ ያለው ፒዲኤፍሽ ልጁ እጅ የሚገባው በእሱ ማሽን አልፎ ነው። ስምሽን መሸፈን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መቀስ አንስቶ፣ በልኩ ቆርጦ፣ ለጥፎ ያባዛ ሰው «አላወቅኩም» ሊል አይችልም።

ሕጉም ከአንቺ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራሽን የሚጠብቀው ከሠራሽው ጊዜ ጀምሮ ነው፤ መጀመሪያ ካላስመዘገብሽ አይልም። ሠሪዋ እኔ ነኝ የማለት መብትሽ ደግሞ ከገንዘቡ መብት ተለይቶ የቆመ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን በነጻ ሰጠሽ ማለት ስምሽን ሰጠሽ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ስትለቂው ምን እንደፈቀድሽ ጽፈሻል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። ካልጻፍሽ ሕጉ ሁሉም መብት የአንቺ ነው ይላል፣ ሰፈሩ ደግሞ የማንም አይደለም ብሎ ይወስደዋል፤ ጠቡ የሚነሳውም እዚህ መሃል ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ክሪየቲቭ ኮመንስ የተባለ ድርጅት ለዚሁ የሚሆኑ ዝግጁ የፈቃድ ጽሑፎች አሉት፣ በነጻ። ስሜን ጥቀሱና እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙ የሚል አለ፣ ስሜን ጥቀሱ ግን አትነግዱበት የሚልም አለ። ረጋ ብለሽ ምረጪ፤ አንዴ የሰጠሽውን ፈቃድ፣ ሰዎቹ ሁኔታውን እስካከበሩ ድረስ፣ መልሰሽ አትወስጂውም። እኔ ብሆን «አትነግዱበት» የሚለውን ከመምረጤ በፊት ሁለቴ አስብ ነበር፣ ያ ኮፒ ቤት ባይኖር ግማሹ ሰፈር አያገኘውማ። ከደቡብ አፍሪካ የተነሳው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለ ፕሮጀክት አብዛኞቹን የልጆች ተረቶቹን የሚለቀው በመጀመሪያው ዓይነት ፈቃድ ነው። ማንም ይተረጉመዋል፣ ያትመዋል፣ ቢፈልግ ይሸጠዋል፤ የጸሐፊውና የሠዓሊው ስም ግን አብሮ ይሄዳል።

ወንድምሽ «የነጻ ነገር ማን ያከብራል» ማለቱ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እሱም በነጻ ነገር ተከቦ ነው የሚያወራው። አንቺ ራስሽ የምትጽፊበት አቢሲኒካ የሰው ስጦታ ነው። ባለሙያዎች እያንዳንዷን ሆሄ ለብቻዋ ስለው፣ ሳያስከፍሉ ለቀውታል። ባዶውን ግን አልለቀቁትም፣ ፈቃድ አለው፦ ፎንቱን ብቻውን መሸጥ አይቻልም፣ የቀየረውም ሰው በዚያው ስም መልሶ ማሰራጨት አይችልም። በነጻ ነው፣ ደግሞም ሕግ አለው። ከዚህ ቅጂው።

የሰጠሽው ሳህኑን ሞልቶ እየተመለሰልሽ እንደሆነም ልብ በይ። ያ ትምህርት ቤት ስልክሽን ከየት አገኘው? ማስታወቂያ አላሠራሽ። በነጻ የተለቀቀው ዶሮሽ ነው ዞሮ ዞሮ የደረሰላቸው። እዚህ ላይ ግን ጠንከር በይ፣ ምክንያቱም ሥዕል ሺህ ጊዜ ቢባዛ አያልቅም፣ ማታሽ ግን ያልቃል። የተለቀቀውን ሁሉም ይውሰድ። «ሎጎ አስገቢልን፣ ስማችንን ጻፊልን፣ እስከ ሰኞ አድርሺልን» ለሚል ዋጋ ንገሪ፤ ቅድሚያ ክፍያም ተቀበይ። በይሉኝታ «ግድ የለም» ብለሽ ከጀመርሽ ቀጣዩም ግድ የለም ነው የሚሆነው። ትምህርት ቤት ደግሞ ወላጅን ያስከፍላል እኮ!

ኮፒ ቤቱ ጋ ሂጂ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ይሁን፣ ሰው ፊት ከተዋረደ እልህ ውስጥ ይገባል። ተጠርዞ የሚሸጠውን ቀድመሽ ግዢና አስቀምጪ፤ ነገሩ ከገፋ ማስረጃሽ እሱ ነው። ከዚያ ስምሽ ያለበትን ጥርት ያለ ፋይል በፍላሽ ይዘሽለት «ይኸው፣ ይህን አባዛ፣ ስሜን ግን አትንካ» በይው። ከኮፒ ኮፒ የተደረገ ሥዕል ጠቁሮ የዶሮዋ ዓይን እንኳ አይለይም፤ ጥርት ያለው ለእሱም ገበያ ነው። እምቢ ካለ ያን ጊዜ አዋጁን ታነሺለታለሽ። ለወደፊቱ ደግሞ ስምሽን ገጹ ግርጌ ላይ ብቻ አታስቀምጪ። ዶሮዋ ክንፍ ውስጥ ጻፊው። እስቲ እሱን በነጭ ወረቀት ይሸፍን።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሊያገባ ነው። ክራር እጫወታለሁ፣ እና ለእሱና ለሙሽሪት የራሴን ዘፈን ሠርቼ ስጦታ ልስጥ አስቤያለሁ። ሌሎቹ ጓደኞቻችን «ዘፈን አይበላም፣ መዋጮህን አውጣ» እያሉ ይስቁብኛል። ያሳፍራል እንዴ?
ከለገጣፎ

መልስ፦ ምኑ ያሳፍራል? መዋጮውን ግን አቅምህ የቻለውን ያህል አውጣ ወንድሜ፣ ዘፈኑን የገንዘብ ማምለጫ አስመስለህ አታቅርበው። ግጥሙ ውስጥ ሙሽሮቹ ብቻ የሚያውቁት አንድ ነገር ይግባ፤ የተገናኙባት የታክሲ ተራ ትሁን፣ የተጣሉበት ቀን። ለሁሉም ሰርግ የሚሆን ግጥም ለማንም አይሆንም። ቀድመህ ስልክህ ላይ ቀድተህ ላክላቸው፣ ምክንያቱም የሰርጉ ቀን ሙሽሮች ምንም አይሰሙም። አዳራሹ ውስጥ የምትጫወት ከሆነም ክራርህን ማይክ ስር አድርገህ አስቀድመህ ሞክር፤ ከዲጄው ጋርም ተነጋገር፣ መሃል ላይ ሙዚቃ እንዳይለቅብህ።