የብር የእጅ ሰንሰለት በቤት ውስጥ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ብር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ለማሳያ አንድ ቀላል ሞዴል ልያዝ፦ 1.2 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ቀለበት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስንት ግራም ልግዛ?
መልስ፦ 18 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ሰንሰለት፣ መቆለፊያውን ትተሽ 33 ቀለበት ገደማ ይበቃሻል። አንዱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ይበላል። በመጋዝ የሚባክነውን ጨምረሽ 75 ሳንቲ ሜትር ያዢ። በ925 ብር (92.5 በመቶው ንጹሕ ብር በሆነው) ሲሠራ ክብደቱ 9 ግራም አይሞላም።

ጥያቄ፦ በፒንሳ ብቆርጠውስ?
መልስ፦ ይቆረጣል፤ ግን አንዱ ጫፍ ሾጣጣ ሆኖ ይቀራል። ሽቦውን በ5 ሚሊ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጥርስ) ለስላሳ ጫፍ ላይ ጠቅልለህ አውጣው። ከዚያ በቀጭን የወርቅ ሠሪ መጋዝ ቁረጥ። ቀለበቱን ስትዘጋ አትጭመቀው። ጫፎቹን ወደ ጎን እያወዛወዝክ አገናኛቸው። ወደ መብራት አንሥተህ እየው፤ ብርሃን ካሳለፈ አልገጠመም።

ጥያቄ፦ መበየጃው (ቀልጦ ጫፎቹን የሚያያይዘው የብር ቅይጥ) ድብልብል ብሎ ይቀራል፣ ወይ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል። ሰለቸኝ!
መልስ፦ የሁሉም ሰው ጣጣ ይሄው ነው። መበየጃ ሙቀት ወዳለበት ይሄዳል። እሳቱን መበየጃው ላይ ከደገንሽ እሱ ቀድሞ ይቀልጣል፤ ቀለበቱ ግን ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ አይቀበለውም። መበየጃው እንዲፈስ የሚረዳውን ቦራክስ ቀቢ። ከመገጣጠሚያው ተቃራኒ ጀምረሽ ዙሪያውን እኩል አሙቂ። ቦራክሱ መጀመሪያ ያብጣል፣ ቀጥሎ እንደ መስታወት ይጠራል። ያኔ እሳቱን ወደ መገጣጠሚያው አምጪ። መበየጃው ብልጭ ብሎ ሲሮጥ ወዲያው እሳቱን አንሺ። አንድ ሰከንድ ካመነታሽ ቀለበቱ ራሱ ይቀልጣል። ደማቅ ብርሃን ላይ ፍሙ ስለማይታይ ክፍሉን ትንሽ አጨልሚ፤ ጭሱ እንዲወጣ ግን አየር ይግባ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ሰክቼ መጨረሻ ላይ ልበይድ?
መልስ፦ አይሆንም። ግማሹን ለብቻ ለብቻው በይድ። ከዚያ ሁለት የተዘጉትን በአንድ ክፍት አያይዝና በይድ። ሦስት ሦስት የሆኑትን እንደዚሁ አገጣጥም።

ጥያቄ፦ ከብየዳ በኋላ ጠቁሮ ወጣ።
መልስ፦ ሞቅ ባለ የሎሚ አሲድ ውሃ ውስጥ ንከሪው። የብረት ወረንጦ እንዳታስገቢ፤ ብሩ በመዳብ ተለብጦ ቀይ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የአያቴን ጠገራ ብር ላቅልጠው?
መልስ፦ የድሮ አንጥረኞች በብዛት ያቀለጡት እሱን ነበር። 28 ግራም ይመዝናል፣ 83.3 በመቶው ብር ነው። ዓመተ ምህረቱ ግን ዕድሜውን አይነግርህም፤ በኋላ የታተሙትም በፈረንጆቹ 1780 ይላሉ። የኔን ምክር ከጠየቅከኝ ተወው። ቀልጦ ሽቦ እስኪሆን መሳቢያ ሰሌዳ (ሽቦ እየተሳበ የሚቀጥንበት ባለ ቀዳዳ ብረት) ይፈልጋል፣ ልፋቱም ብዙ ነው። የተዘጋጀ ሽቦ ግዛ።

ጥያቄ፦ ማግኔት ካልሳበው ብር ነው ማለት ነው?
መልስ፦ አይደለም። ነሐስም መዳብም በማግኔት አይሳቡም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ አፓርታማ ውስጥ ነኝ፤ እሳት አይፈቀድም።
መልስ፦ ያለ ብየዳም ይሠራል። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሁለት ቀለበት ስኪ። አንዱ ቢከፈት ሌላው ይይዛል። ሽቦ ስትገዪ ለስላሳውን ሳይሆን ጠጠር ያለውን ጠይቂ።