ቫርኒሽ የዋጠው አቧራ

ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ከፕላስቲክ ገጣጥሜ የሠራሁት፣ ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሰ (1/24) የኤን ትሬ ጭነት መኪና ሞዴል አለኝ። ከባቲ መንገድ የመጣ እንዲመስል ብዬ በፓስቴል አቧራ አለበስኩት። አምሮ ነበር። እንዳይረግፍ ቫርኒሽ ስረጭበት ግን ነጣ ያለው አቧራ ድራሹ ጠፋ፣ ቡናማው ጠቆረ። በሩ ላይ ያለው ደግሞ ተድቦልቡሎ ቀረ፤ እስካሁን ጣት ያቆሽሻል። ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛዬ ‹ላስተካክልልህ› ብሎ የመኪና ትራንስፓረንት፣ ያንን ቀለም የሌለውን የሚያብረቀርቅ ሽፋን፣ ደገመበት። ይኸው አሁን ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ምን ላድርግ? የመንገዱን አፈር ራሱን ብጠቀምስ?»

መኪናውን ሳላየው ልገምት፤ ሁለት ዓይነት ፓስቴል ቀላቅለሃል። ፍንጩ በሩ ነው። ጣትህን እስካሁን የሚያቆሽሸው የዘይት ፓስቴል ቢሆን ነው። እሱ የሚሠራው ከሰምና ከማይደርቅ ዘይት ነው። ዓመት ብትጠብቀው አይደርቅም፤ ቫርኒሽም ሆነ ትራንስፓረንት አይዝበትም። ለሞዴል የሚሆነው ደረቁ ነው፤ ሲፋቅ ዱቄት የሚሆነው። የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ሁለቱንም «ፓስቴል» ብሎ ይሸጥልሃል። ከእያንዳንዱ ቀለም ትንሽ ፋቅና በጣትህ እሸው። ዱቄት ከሆነ ያዘው። ከተለጠጠና ካብለጨለጨ ለልጆች ስጠው።

ሁለተኛው ግምቴ፣ ሥሩ ያለው ቀለም የሚያበራ ነበር። በሚያበራ ቀለም ላይ ዱቄት የሚይዘው ነገር የለውም፤ ይንሸራተታል።

ነጩ አቧራ ወዴት ሄደ? እዚህ ላይ ታገሠኝ፣ ይህን ማስረዳት እወዳለሁ። የቦርከና ወንዝ ዳር ዋልካ ሲደርቅ አመድማ ነው። ዝናብ ሲመታው ይጠቁራል። ቀለም የጨመረበት የለም። ደረቅ አፈር ውስጥ በቅንጣትና በቅንጣት መካከል ያለው አየር ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ቅንጣት ሲገባ፣ ከቅንጣት ወደ አየር ሲወጣ ይታጠፋል፤ ከፊሉም ይመለሳል። ቅንጣቱ ብዙ ስለሆነ ብርሃኑ እየተበታተነ ወደ ዓይንህ ይመጣል። ነጣ ብሎ የሚታይህ ለዚህ ነው። አንድ ነገር ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ በቁጥር ይለካል፦ አየር 1፣ ውሃ 1.33፣ ቫርኒሽ 1.5 ገደማ፣ ርካሽ ፓስቴል ውስጥ የሚበዛው ጠመኔ 1.6 ገደማ። በጠመኔና በአየር መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ይታያል። በአየሩ ቦታ ቫርኒሽ ሲገባ ልዩነቱ ወደ 0.1 ይወርዳል። ያኔ ብርሃኑ ሳይበተን ሰንጥቆ ያልፋል። አቧራህ አልረገፈም፤ እዚያው አለ፣ ግን አይታይም። ቡናማው የጠቆረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቲታኒየም ነጭ የሚባለው ቀለም ግን ከ2.5 በላይ ስለሆነ ቫርኒሽ ውስጥም ሆኖ ይታያል።

ርካሹን የፓስቴል ሳጥን የማልወደው ለዚህ ነው። ባለ ብዙ ቀለም ነው ተብሎ ይሸጣል፤ ስትፈጨው አብዛኛው የተቀባ ጠመኔ ነው። ከእሱ ሳጥን ይልቅ አራት ጥሩ የፓስቴል እንጨት ይሻልሃል፦ ጥቁር፣ ጥቁር ቡናማ፣ ብርቱካን የቀላቀለ ቡናማ፣ ቲታኒየም ነጭ። ሌላውን ራስህ ትቀላቅላለህ።

አሁን ወደ ጥገናው። ስለ ጓደኛህ ብዙ አልናገርም፤ ግን ጋራዥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ መድኃኒት ነው ያለው፣ ማብረቅረቅ። ትራንስፓረንቱን በቲነር ላስለቅቅ እንዳትል። ቲነር ፕላስቲኩን ራሱን ይበላዋል። መጀመሪያ በሩን አጽዳ። ቀለም ቤት የሚሸጠውን አኳራጅ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነክረህ፣ ከሥር በኩል በማይታይ ቦታ ሞክር። ቀለሙን ካላነሳ በሩን ቀስ እያልክ ጥረግ፤ ጥጡን ቶሎ ቶሎ ቀይር። ከዚያ በሳሙና ውሃ አጥበህ አሳድረው። የቀረውን ገላ በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ፣ ብርሃኑ እስኪሞት ድረስ ብቻ እሸው። ጠርዝ ላይ አትጫን፣ ቀለሙ ቶሎ ይላጣል። በላዩ የማያበራ ቫርኒሽ፣ ማት የሚሉትን፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት በስሱ ርጭ። ዱቄቱ የሚይዝልህ እሱ ላይ ነው። ደጅ ሆነህ ርጭ፤ የከሰል ምድጃ አጠገብ ፈጽሞ አይሆንም። ደሴ ልትወስደው ካሰብክ ደግሞ ጉም የወረደ ዕለት አትርጭ። እርጥበቱ ቫርኒሹን ያጨናግፈዋል፣ ነጭ ደመና ይሠራበታል።

ፓስቴሉን ከመፍጨትህ በፊት ማስክ አድርግ። ይህን ሳትሰማ እንዳታልፍ። ከሠዓሊ ቀለሞች መካከል ካድሚየም ያለባቸው አሉ፤ ስም የሌለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ምን እንዳለ ማንም አይነግርህም። የተረፈውን ዱቄት በአፍህ እፍ አትበል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። እንጀራ በሚቀርብበት ገበታ ላይም አትሥራ።

አፈጫጨቱ ቀላል ነው። እንጨቱን ሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ፋቅ፣ በአሮጌ ስቶኪንግ ንፋው፤ እንደ ሽሮ ካልላመ ድገመው። በለስላሳ ብሩሽ ነካ ነካ እያደረግህ አስቀምጥ፤ አትሽ። አቧራ ሁሉም ቦታ እኩል አይቀመጥም። ኤን ትሬ ላይ ከጎማው ኋላ፣ መርገጫው ላይ፣ ከጭነቱ ሳጥን ሥር ይበዛል። የሾፌሩ በር እጀታ ዙሪያ ግን በእጅ ብዛት ስለሚጠረግ ቀለሙ ይታያል። እጀታውን ከጨረስክ በኋላ በደረቅ ጥጥ አንድ ጊዜ ጠረግ አድርገው፤ የሐረጎን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ መኪና ይመስልሃል።

ማሸጉ ላይ ምርጫ አለህ። መኪናው በእጅ የማይነካ ከሆነ የመጨረሻውን አቧራ ምንም አትርጭበት፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ አስገባው። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። የግድ ይታሸግ ካልክ ግን ቀለሙን ከምትፈልገው ሁለት ደረጃ አንጥተህ ጀምር፣ ቲታኒየም ነጭም ጨምርበት። ቫርኒሹን በአንድ ጊዜ አታጥግበው፤ ጭጋግ አድርገህ ርጭ፣ ይድረቅ፣ ድገም። የመጀመሪያው ዙር አቧራውን ቢውጥብህ አትደንግጥ፤ በላዩ ሌላ ዱቄት ጨምር። ማስክ እዚህም አለ። የዱቄት ማስክ የቫርኒሹን ሽታ አያቆምም፣ ስለዚህ ነፋሱን ከጀርባህ አድርግ።

አፈሩን ስለጠየቅኸኝ፦ ለአቧራ አይሆንም። 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት 1/24 መኪና ላይ ስትቀመጥ የ2.4 ሚሊ ሜትር ጠጠር ናት። ዓይን ወዲያው ይይዛታል። ለጭቃ ግን ጥሩ ነው። ነፍተህ፣ በድስት አምሰህ አድርቀው፤ ድስቱ ከዚያ በኋላ ለወጥ አይመለስም። በኮላና በትንሽ ጀሶ ለውሰው፣ ከጎማው ጀርባና ከጭቃ መከላከያው ሥር ለጥፈው። ሲደርቅ ጫፍ ጫፉን ነጣ ባለ ፓስቴል ነካ አድርገው። አፈሩን ስትነፋም ማስክህ አፍንጫህ ላይ ይሁን፣ አገጭህ ላይ አይደለም።