ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ነው። ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። ፈተናው በኮምፒውተር ነው እየተባለ ይወራል። በትምህርቷ ጎበዝ ናት፤ ኮምፒውተር ግን ነክታ አታውቅም። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች አሉት፣ ክፍሉ ግን «እንዳይበላሹ» ተብሎ ተቆልፏል። ቤቱ ላፕቶፕ እያየ ካደገ የአዲስ አበባ ልጅ ጋር እኩል ተፈተነች ይባላል? ይሄ ፍትሕ ነው?
አንዲት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ አፈርኩ። 26 ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ከዚያ ውስጥ 3ቱን ዓመት የእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። 14 ኮምፒውተር። የስክሪናቸው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። የፈረምኩበት ንብረት ነዋ! አንዱ ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል ብዬ ፈራሁ። ልጆቹ በመስኮት አይተውት ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄዱ።

ፍትሕ ነው ወይ ላሉት፣ አይደለም። የወረቀቱ ዘመን ግን አይናፍቀኝም። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ቀድሞ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣና ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። ኩረጃውንማ አያንሱብኝ። በ2015 መጀመሪያ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ ወደ 897 ሺህ ከሚጠጉት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ። 3.3 ከመቶ! ስንት ዓመት ያጨበጨብንለት ውጤት ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። እኔም አጨብጫቢ ነበርኩ።

በሐምሌ 2016 የተወሰኑ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦንላይን ተፈተኑ። ታትሞ፣ ታሽጎ፣ በፖሊስ ታጅቦ አገር ለአገር ከሚዞር ወረቀት ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ልጅቷ ማውስ የምትይዘው የፈተናው ቀን ከሆነ፣ የተፈተነችው ባዮሎጂ ሳይሆን ማውስ ነው።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አዲስ ርዕሰ መምህር መጥቶ ክፍሉን አስከፈተኝ። በፊዚክስ የሚቀድመው ያልነበረ ልጅ ማውሱን ከጠረጴዛው አንስቶ እንደ ቲቪ ሪሞት ወደ ስክሪኑ ቀሰረው። ማንም አልሳቀም፤ ሌሎቹም አያውቁማ። ሌላዋ ምንባቡ ከታች እንደሚቀጥል ሳታውቅ ግማሹን አንብባ መለሰች።

ደግነቱ የሚለመደው ነገር ትንሽ ነው። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ መልሱን ታይፕ ማድረግ አያስፈልግም። መልስ መምረጥ፣ የመረጡትን መቀየር፣ ገጹን ወደ ታች ማውረድ፣ ወደ ዘለሉት ጥያቄ መመለስ፣ በቃ። አንዱን ግን ኮምፒውተር ሳያስፈልጋት ቤት ውስጥ ትለማመደው። ስክሪን ላይ ያለ ሦስት ማዕዘን ላይ መስመር አይሰመርም። ስለዚህ ከመጽሐፉ ሥዕሉን ቶሎ ወረቀት ላይ ገልብጣ እዚያ ትሥራ። ብዙ ጎበዝ ልጅ ጊዜ የሚያልቅበት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ተቆለፈው ክፍል፣ እኛ ያደረግነውን ልንገርዎ። ከ14ቱ የሠሩት 12 ነበሩ። 2 ልጅ በአንድ፣ በአንዴ 24 ልጅ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ 40 ደቂቃ፣ 96 ተማሪ ተዳረሰ። በ8 ሳምንት እያንዳንዱ ልጅ ከ5 ሰዓት በላይ ተለማመደ። መብራት የጠፋ ቀን ወደ ዓርብ እናሸጋግራለን።

ርዕሰ መምህሩን ብቻዎን አያናግሩ፤ ከወላጅ መምህር ኅብረቱ ሁለት ሦስት ሰው ይዘው ይሂዱ። ቁልፍ ያዡንም አይቆጡት። የሚፈራው የፈረመባትን ወረቀት ነው፣ ልጆቹን ጠልቶ አይደለም። በልምምድ ላይ ዕቃ ቢበላሽ እሱ ብቻውን እንዳይጠየቅ በቃለ ጉባኤ ይያዝለት። እኔን ያስደፈረኝ እሱ ወረቀት ነው።

የሚሉዎትን ይጻፉልኝ። በተለይ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ።