የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የመጀመሪያዎቹ የራግቢ ብሔራዊ ተጫዋቾች

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በራግቢ፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው በሚሮጡበት ጨዋታ፣ ሁለት አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠሙት መቼ ነው? በአንድ ወገን ሃያ ሰው ይሰለፍ ነበር የሚባለውስ እውነት ነው? ያ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?

መልስ፦ እውነት ነው። ስኮትላንድና እንግሊዝ የተገናኙት እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1871 ኤድንብራ ከተማ፣ ሬበርን ፕሌስ ሜዳ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1863፣ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ግጥሚያውን የጠየቁት ስኮትላንዳውያን ናቸው። የአምስት ክለብ አምበሎች ፈርመው ጥሪውን በዲሴምበር 1870 በጋዜጣ አወጡ፤ እንግሊዞችም ተቀበሉ። ጨዋታው ሁለት ጊዜ ሃምሳ ሃምሳ ደቂቃ ነበር።

ከሃያው ሰው አሥራ ሦስት አሥራ አራቱ ፊት ላይ ተጠጋግተው የሚገፉ ናቸው። የዛሬ ተጫዋች አጎንብሶ ኳሷን በተረከዙ ወደ ኋላ ያወጣል። የዚያ ዘመኑ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ እግር ለእግር እየተጋጨ ኳሷን ወደ ፊት ይገፋል፤ ወደ ኋላ ማውጣት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ኳሷ ከሰው ክምር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አትወጣም፣ ከኋላ ያሉት ሯጮችም ቆመው ይጠብቃሉ። የገና ጨዋታ ላይ ሩሯ በሰው መሐል ጠፍታ ዱላ ብቻ ሲንኳኳ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1877 ወደ አሥራ አምስት የወረደውም ጨዋታው እንዲፈታ ነው፤ በእኛ አስተያየት ራግቢን ለተመልካች ያዳነው ይህ ውሳኔ ነው።

ነጥብ አቆጣጠሩም ከዛሬው የተለየ ነበር። ኳሷን ከግብ መስመሩ ማዶ መሬት ማስነካት፣ ማለትም ትራይ፣ ብቻውን ነጥብ የለውም። የሚያስገኘው ግብ ለመምታት «መሞከር» መብት ነው። ኳሷ መሬት ከነካችበት ቦታ ትይዩ ወደ ሜዳው ትመለሳለች፣ አንዱ ይዞ ያስቀምጣታል፣ ሌላው ከአግዳሚው በላይ ይመታታል። ጥግ ላይ የተገኘ ትራይ ማዕዘኑ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይባክናል። በዚያ ቀን አንገስ ቡካናን መስመሩን አለፈ፣ ዊልያም ክሮስም መታና አገባ። ስኮትላንድ በአንድ ግብና በአንድ ትራይ አሸነፈች፤ እንግሊዞች ትራይ ቢያገኙም ምቱን ሳቱ። በቡካናን ትራይ ላይ ክርክር ተነስቶ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ሄሊ ሃቺንሰን አልመንድ ነበር፤ ኋላ ላይ ዳኛ ሲጠራጠር አብዝቶ በጮኸው ወገን ላይ ቢፈርድ ትክክል ነው ብሎ ጽፏል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ እነዚህ ተጫዋቾች ይከፈላቸው ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። የክፍያ እገዳው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የተጎዳው ሠራተኛው ነው፤ የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኛ ለጨዋታ ከሥራ በቀረ ቁጥር ደሞዙ ይቆረጣል። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ያን ኪሣራ እንካስ ብለው ስላልተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1895 ሃደርስፊልድ ላይ ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው የተወለደው ከዚህ ነው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ለእንግሊዝ የተሰለፈው የመጀመሪያ ጥቁር የራግቢ ተጫዋች ማን ነው? ሕይወቱስ እንዴት ነበር?

መልስ፦ ጄምስ ፒተርስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ሳልፎርድ ተወለደ። አባቱ ጃማይካዊ ነው፤ በሰርከስ ሲሠራ አንበሳ ገደለው። ልጁም በሰርከስ ያለ ኮርቻ ፈረስ ይጋልብ ነበር፤ ክንዱ ሲሰበር ተጥሎ በለንደን የሙት ልጆች ማሳደጊያ አደገ። እዚያ ስፖርትም ሙያም ተማረ፤ እንጀራው አናጢነት ሆነ። በብሪስቶል፣ ቀጥሎም በፕሊመዝ ተጫወተ። ቦታው ኳሷን ከገፊዎቹ ተቀብሎ ለሯጮቹ የሚያከፋፍለው ነው፤ ፈጣን እጅና ፈጣን ውሳኔ ይጠይቃል።

ለእንግሊዝ መጀመሪያ የተሰለፈው እ.ኤ.አ. በማርች 1906 ከስኮትላንድ ጋር ነው። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካውያን መጡ። ክፍለ አገሩ ዴቨን ሲገጥማቸው ከጥቁር ጋር አንጫወትም ብለው ነበር፤ በልመና ገቡ። ብሔራዊ ቡድኑ በዲሴምበር ሲገጥማቸው ግን ፒተርስ ከቡድኑ ቀረ። ጨዋታው 3 ለ 3 አለቀ። ተጫዋቹን ለእንግዳ ደስታ ብሎ ማስቀረት የቡድኑ ኃላፊዎች ዕዳ ነው፤ እሱ ያጎደለው ነገር አልነበረም። እስከ 1908 በጠቅላላው አምስት ጊዜ ለአገሩ ተሰለፈ። በ1910 በመርከብ ሥራ ላይ ሳለ ሦስት ጣቶቹን አጣ፤ ኳስ በእጅ ለሚቀባበል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ግን አላቆመም። ከክፍያ ጋር በተያያዘ ክስ ከታገደ በኋላ ክፍያ ወደሚፈቅደው የሰሜኑ ማኅበር ሄዶ ለባሮውና ለሴንት ሄለንስ ተጫወተ። ያረፈው በ1954 ነው።

ጥያቄ (ከሞላሌ፣ የስፖርት መምህር)፦ የድሮውን መገፋፋት ለተማሪዎች ላሳይ እችላለሁ? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መገፋፋቱን ይተዉት። ክምሩ ሲወድቅ ሸክሙ አንገት ላይ ያርፋል፤ በበጋ የመንዝ መሬት ደግሞ ደረቅ ነው። ኳስ የያዘውን ልጅ ይዞ መጣልንም ያስቀሩና በእጅ መንካት ይተኩት። ስድስት ለስድስት፣ 70 በ50 ሜትር ሜዳ ይበቃል፤ ለትናንሽ ልጆች ያሳጥሩት። የተነካ ልጅ በተነካበት ቦታ ቆሞ ኳሷን መሬት ያስቀምጥና ተሻግሯት ያልፋል፤ ከኋላ ያለው ያነሳታል። ተከላካዮቹ አምስት ሜትር ያህል ያፈገፍጉ። ከስድስት ንክኪ በኋላ ኳሷ ለተቃራኒው ትሰጣለች።

ከ10 እስከ 14 ዓመት ላሉት ቁጥር 4 ኳስ ይግዙ፤ ቁጥር 5 ለእጃቸው ይከብዳል። ቀትር ላይ ተነፍታ የተቀመጠች ኳስ በታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት ትለሰልሳለችና ከጨዋታው በፊት ይፈትሿት።

ትልቁ ችግር የሚመጣው ከእግር ኳስ ልማድ ነው፤ ልጆቹ ከኳሷ ቀድመው ይሮጣሉ፣ በራግቢ ግን በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው። አራት ልጆችን ጎን ለጎን ያቁሙ፤ እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ይቅር። በእርምጃ ይጀምሩ። ኳሷ በጣቶች ትያዝ፣ መዳፍ አይንካት፤ ወደ ተቀባዩ ደረት ትላክ፣ ከለቀቁም በኋላ ጣቶቹ ወደ እሱ ያመልክቱ። ተቀባዩ እጁን አስቀድሞ ካልዘረጋ ኳሷ ደረቱን መታ ትነጥራለች። በእርምጃ አሥር ጊዜ ሳትወድቅ ስትሄድ ወደ ሶምሶማ ይለፉ፤ ከዚያ በፊት ማስሮጥ ልጆቹን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል።