ሐዘንተኛ ማልቀሱ የእምነት ጉድለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእህቴ ባል ካረፈ ወራት አለፉ። እሷ ግን አሁንም ታለቅሳለች። ጸሎትም አቁማለች፤ «ምን ብዬ ልጸልይ?» ትለኛለች። አንዳንድ ምእመናን «ይህን ያህል ማልቀስ ትንሣኤን አለማመን ነው» ይሏታል። እኔስ ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ እነዚያን ሰዎች በጨዋ ደንብ ዝም አሰኚልኝ። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው ያውቅ ነበር። ቢሆንም ማርያምንና አብረዋት የመጡትን ሲያለቅሱ አይቶ አለቀሰ (ዮሐ. 11፥35)። እስጢፋኖስም ሰማይ ተከፍቶ እያየ ነው የሞተው። የቀበሩት ደጋግ ሰዎች የት እንደሄደ አልጠፋቸውም፤ ግን ታላቅ ልቅሶ አለቀሱለት (ሐዋ. 8፥2)። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ነው የመከራቸው እንጂ ከነጭራሹ አትዘኑ አላለም።

ጸሎቱን በተመለከተ አታስጨንቂያት። ዳዊት «አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጸልዮአል። እሷም «ጌታዬ፣ ከፍቶኛል፣ ተናድጃለሁ» ካለች ጸልያለች። እሱም ካቃታት አንቺ ጸልዪላት።

ምን ልበላት ላልሽው፣ ብዙ አትበያት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጥሩ አጽናኞች የነበሩት ያኔ ነው! ነገር የተበላሸው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ተቆጣቸው። «ለበጎ ነው»፣ «ገና ወጣት ነሽ፣ ታገቢያለሽ» የሚባለውም ያው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲህ ያለውን የምንናገረው ብዙ ጊዜ ዝምታው ለራሳችን ስለሚከብደን ነው።

«የምትፈልጊው ነገር ካለ ደውዪልኝ» ብለሽም አትሂጂ። አትደውልም። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልሰበከውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ቀሰቀሰው፣ ብላ አለው። አንቺም ምግብ ይዘሽ ሂጂ። ልጆች ካሏት ወስደሽ አውያቸው፣ እሷ ትተኛ። የባሏን ስም ማንሣት አትፍሪ፤ ብዙ ሐዘንተኛ የሚከፋው ሰው ሁሉ ስሙን ሲሸሸው ነው። ደግሞ አሁን ነው የምታስፈልጊያት፤ ለቀብር የመጣው ሰው ሁሉ ወደ ኑሮው ተመልሷል።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ምግብና እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ወይም «እሱን ልከተለው» ማለት ከጀመረች፣ ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ይህም የእምነት ማነስ አይደለም። እስከዚያ ብቻዋን አትተያት።